ልክ

ጡረታ በወጡ በዘጠነኛው ቀን፣
ጄኔራል አቪሻይ መጡ፣ ሱፍ አንጠልጥለው፣ ያለ ሾፌር፣ ብቻቸውን፣
ገዴራ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከስፌት ሱቄ።
ለካኋቸው ዝቅ ብዬ፣ ልካቸውን ጠንቅቄ።

በዕብራይስጥ ሁሉም «አንተ» ነው፤ አንቱ የለበትም፤
በሆዴ ግን አንቱታውን አልነፈግኳቸውም።

እጅጌው ተለካ፤ ደረቱ ተለካ፤
ማዕረግ የለመደ ትከሻ፣ ባዶውን ያጋድላል ለካ!

በጥቅምት ምርጫ አለ። አማካሪያቸው በስልክ
«ሰማያዊ ሱፍ ያሳምናል» ይላል፤
«ወገቡ ጠበብ ይበል፣ ትናንት ከጦር ሜዳ የመጣ ይመስላል።»

«ልጄ ይትባረክ አንተ ሥር ነበር» ስል፣
«ጥሩ ልጅ!» አሉ፣ ዓይናቸው ከመስተዋቱ፣ ከራሳቸው ምስል።

ጥሩ ልጅ ነው፣ አዎ። ዛሬም መብራት ሳያጠፋ ያድራል፤
ማንኪያ ቢወድቅ ከገበታው ይሰወራል።

ከዚያ፣ እኔ ጫፉን ስጠልፍ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፦
«እባካችሁ ምረጡኝ።»
ትእዛዝ ሆነባቸው።
ጉሮሮአቸውን ጠርገው ደገሙት፦ «እባካችሁ።»
ሠላሳ ዓመት ያዘዘ አፍ
ልመናውን ከየት ያምጣው?

ሱፉ ልክ መጣለት፤ ከፈለ፤ ወጣ።
አንቱታዬም ከተረፈችው ክር ጋር
ወለሉ ላይ ቀረች፣ ተቆርጣ።