ቁጥር የሌለው ጫማ

ከደምበጫ በታች፣ ከወንዙ ማዶ ደብር፣
ጸሎተ ሐሙስ ነበር።
አባ ነጭ ጨርቅ ታጥቀው፣
የወይራና የወይን ቅጠል ውኃ ውስጥ ነክረው፣
ያዋቂውን የሕፃኑን እግር ሲያጥቡ ጎንበስ ብለው፣
እኔ ቅኔ እፈልግ ነበር።
እግርን ሰም አድርጌ፣ ትሕትናን ወርቁ፣
ቤቱን ስመታው ጊዜ የኔታ ሳቁ፤
«ይበል!» አሉኝ፣ እሳቸው፣ ሊቁ።

ያን ዕለት ግን አለነ
ከግንቡ ጥግ ተቀምጦ፣ አልተጠጋም፣ አልቀረበም፤
ስሙን የጠራው የለም።
ጋቢውን ወደ ታች ስቦ፣ ደግሞ ስቦ፣
እግሩን እንደ ሰረቀው ዕቃ ሸፈነ ሰብስቦ።
ያበጠ ነው፣ ከጉልበቱ እስከ ጣቱ፤
አርባ ዓመት በባዶ እግሩ ያረሰው ቀይ መሬቱ፣
ጤፍ ላይ ሰስቶበት፣ በዚህ ለገሰው ካንጀቱ።
ሰው «እርግማን ነው» ይላል፤ ሰው ምን የማይለው አለ፤
ሁለት ጊዜ አጭቶ ሁለቱንም አጣ፣ «በዘሩ ነው» እየተባለ።
አባም አላዩትም።
እኔም አልተነሣሁም።
ቅኔዬ ቤት አልጎደላትም።

ከትንሣኤ ወዲህ፣ ቅዳሜ፣ ቁራሽ ፍለጋ ስዞር፣
ከይጋርዱ ደጅ ደረስሁ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር።
«በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ ሳልጨርስ ገና፣
የበረኪና ሽታ ተቀበለኝ፣ የሳሙና።
አሥራ አንድ ሰው፣ ባንድ ረጅም አግዳሚ፣
እግሩን በውኃ ነክሮ፣ አንዱ ተራች፣ አንዱ ሰሚ።
አንዱን ሳፋ ከሠርግ ቤት፣ ሁለቱን ከዕድር የተዋሰች፣
ይጋርዱ፣ በጉልበቷ፣ ከሁሉም ዝቅ ብላ ነበረች።
በጣቶቹ መካከል፣ በእጥፋቱ፣ በስንጥቁ፣
ጨርቅ እየላከች ታደርቃለች፣
እነሱ ስለ በቆሎ ዋጋ ሲያወሩ፣ ሲሳሳቁ።
ቫዝሊን ቀባች፤ በፋሻ ጠቀለለች፤
«ትራስ ከሌለህ ጭድ በጆንያ፣ ማታ ከፍ አርገው» አለች።

አለነ እዚያ ነበር፣ ጋቢውን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ፤
እንዳላማው ጫማ ሰፊው በሲባጎ ልክ ሊወስድ ቀርቦ፣
የፋቂ ልጅ ነው ተብሎ ለሠርግ እንኳ የማይጠራ፣
ከጎማና ከቆዳ የሰው መራመጃ የሚሠራ።
«ስንት ቁጥር ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣
«ቁጥር የለውም» አለኝ፤ «ፋብሪካ ይኸን እግር አያውቅም፤
ሲባጎ ነው የሚያውቀው። እዚህ ጋ ቋጠሮ፣ እዚህ ጋ ቋጠሮ፤
የአንዱ ላንዱ አይገጥምም።»

«እት ይጋርዱ፣ ስለ እግር አንድ ቅኔ ነበረኝ» አልሁ።
ቀና አላለችም። ጀሪካን አቀበለችኝ፤ «ቦኖው ሳይዘጋ» ብላ። ወጣሁ።
ሦስቴ ተመላለስሁ።
በአራተኛው፣ «እጅህን ታጠብ፣ የእሱን ያዝ» አለችኝ።
አፍንጫዬን ልይዝ ነበር፤
እጄ ሳሙና ነበረበት።

ከባድ ነው። እንደ እርጥብ ግንድ።
ግን ይሞቃል።
አለነ ወደ አጥሩ አየ፣ እኔ ወደ ውኃው።
«ይሸታል፣ ተሜ» አለኝ፤ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ።»
እሱ ነው እኔን አይዞህ ያለኝ።
መልስ ፈለግሁ፤ ከሰሙም፣ ከወርቁም አጣሁ፤
ጨርቁን ጨምቄ፣ በትንሹ ጣቱ ጀመርሁ።

ሰኔ ሲገባ ጫማው አለቀ፣
እንደ ገበታ ሰፊ፣ በሦስት ጠፍር የሚታሰር።
አለነ አየው፣ አገላበጠው፣ ሽታውን ማገ፤
ከዚያ ጉያው ውስጥ ከትቶት፣ በባዶ እግሩ መንገድ ጀመረ፤
«ጭቃ እንዳይነካብኝ።»
ይጋርዱ፣ እጇ አረፋ እንደሆነ፣ እስከ መታጠፊያው ሮጠች፤
እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፤
አሥሩም ሰዎች እግራቸውን ከሳፋ ሳያወጡ ሳቁ፤
አለነ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እንደ ሕፃን፣
ቀኙን ለግራው ሲያደርግ።

ያቺን ቅኔ ዛሬ ብትጠይቁኝ፣ ጠፍታኛለች፤
«ይበል» የተባለላት ቃል እንኳ አልቀረም።
ሲባጎው ግን አለኝ፣ ከዳዊቴ ማኅደር ውስጥ፣
አምስት ቋጠሮ ያለበት፣
ትንሽ የወዛ።