መከራ ቀድሞኛል

ከኮዬ ፈጬ ዳር፣ አውቶቡሱ ዞሮ ከሚመለስበት፣
አስፋልቱ ተቆርጦ ጭቃው ከሚረከብበት፣
ከቤተ ሙከራው ጀርባ አንዲት ክፍል አለች፤
የጠመኔ ካርቶን፣ የተነፈሰ ኳስ ታቅፋ የኖረች።
እሷን ለኔ ሰጡኝ።
በሯ ላይ በቀለም «የምክር አገልግሎት» ብለው ጻፉላት፤
ሁለት ክረምት ዘንቦ «አገልግሎት» ታጥቦ «የምክር» ቀረላት።
አንዱ ተማሪ ደግሞ «ሱቅ» ብሎ በእስክሪብቶ ጨመረበት፤
አላጠፋሁትም፤ ትንሽ እውነት አለበት።

ሌንጂሳን የላከው የሒሳብ መምህሩ ነው፣ ከብጣሽ ወረቀት ጋራ፦
«ሰነፍ ነው፤ ምከሪው። እምቢ ካለሽ ግን ይምከረው መከራ።»

ማክሰኞ ነበረ፣ ከሰዓት በኋላ፤
ገብቶ ተቀመጠ፣ ፊቱን መልሶ ወደ ግድግዳው ጥላ።
ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር የለመድኩት ምክር፦
«በርታ!» «ጊዜህን ተጠቀም!» «የት ደረሱ እነ እገሌ ተምረው በችግር!»
ግን ጣቱን አየሁት፣
የወንበሩን ስንጥቅ እንደ ቁስል አፍ ቀስ ብሎ ሲነካ፤
ዋጥኩት ሰልፉን ሁሉ፣ ደወሉ እስኪያንኳኳ።
በሳምንቱም መጣ፤ ዝም። በሌላውም ዝም።
(ቀላል እንዳይመስላችሁ፤
ለአማካሪ ምላስ ዝምታ ሁዳዴ ነው፣ ምክር ደግሞ ሥጋው፤
ፋሲካ ሲርቅበት ይታመማል መንጋጋው።)

በአራተኛው ማክሰኞ ፈተናውን አወጣ፣ አራት ላይ አጣጥፎት፤
«ጥያቄ ሰባት» አለኝ፣ በጥፍሩ አስምሮበት፦
«አንድ ገበሬ አራት ማዕዘን መሬት ቢኖረው…»
ከሥሩ ባዶ ነው።
«ቲቸር፣ ይሄን ገበሬ አውቀዋለሁ፤ አባዬ ነው።
ያ ሦስተኛው ብሎክ የኛ ባቄላ ነበር፣ ያ ልብስ የተሰጣበት፤
አሁን እዚያው ዘበኛ ነው፤ ሌሊት ባትሪ ይዞ
ይዞራል በገዛ ድንበሩ ላይ፣ ሌባ እንዳይገባበት።»

መከራ ይምከረው?
መከራ ቀድሞኛል!
ደወል ሳይጠብቅ፣ መዝገብ ሳይከፍት፣ ስንት ሌሊት መክሮታል።
ለኔ የተረፈኝ
መከራ ያለውን እስኪነግረኝ ድረስ ቁጭ ማለት ነው፤
መካሪማ ሞልቷል፤ የጠፋው ሰሚ ነው።

«ስፋቱ ስንት ይሆን ነበር?» አልኩት።
«ከወይራው እስከ ወንዙ ሁለት መቶ አስር፣ ወርዱ መቶ ሰማንያ።»
እስክሪብቶ አነሳ።
ማባዛት አይችልም የተባለው ልጅ፣ ሳይሰርዝ ሳይደልዝ፣
ሠላሳ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ብሎ ጻፈ፤
ከዚያ ቀና ብሎ፣
«እርምጃ ነው እንጂ ሜትር አይደለም» አለ፣ «የአባዬ እርምጃ።»

ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ገለጡ፤ «ምን አለሽ? ምን አልሽው?»
«ችግር» የሚለው ዓምድ ላይ «የራሱ ነው» ብዬ ጽፌአለሁ፤
«የተሰጠ ምክር» የሚለውን ባዶውን ትቼዋለሁ።
«ታዲያ ደሞዙ ለምኑ ነው?» አሉ፣ ግማሽ ፈገግ ብለው።
ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፦
ማታ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ፣ በሩን ሳልዘጋ፣
«ጫማሽን አንሺ! ስልኩን ተይ! ዛሬስ አጥንተሻል?» እላለሁ፤
ሰላምታው ከኋላ ይመጣል፣ ከመጣ።
ልጄ ትርሲት አንድ ቀን ቀስ ብላ፣
«እማዬ፣ ቢሮሽ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» አለችኝ።
ሳቅን ሁለታችንም።
እንቅልፍ ግን እኔን ብቻ እምቢ አለኝ።

በአምስተኛው ማክሰኞ ሌንጂሳ ቀረ። በስድስተኛውም።
ላስጠራው አሰብኩና፣
በሰው ቢጠራ የሚመጣው እግሩ ብቻ ነው ብዬ
በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ካፊያው ገባ፣ ድመት ገባች።
በሰባተኛው፣
አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ትከሻውን ይዞ
ደፉ ላይ ቆመ። እሱ አልገባም።
«ግባ» አለው ልጁን፤ «እዚህ ቤት የገባ ወሬ አይወጣም።»
ከዚያ ሄደ፤ ወደ ክፍሉ ይሁን ወደ ውጪው በር
አላየሁም፤
ኳሶቹን በእግሬ ገፋ አድርጌ
ለልጁ ወንበር እየሳብኩ ነበር።