ነጻ

ስሟ ላይ ጤና አለ፣ የኛዋ ከተማ፣
ወገል ጤና ብሎ ነው፣ የሚጠራት የሰማ።
እኔ አክታ መርማሪ፣ ከጓሮ ካለች ክፍል፣
በአንዲት ማይክሮስኮፕ፣ ሳል ከሳል የምከፍል፤
ቀይ ዘንግ ካገኘሁ፣ “አለበት” እላለሁ፣
ካጣሁ ደግሞ “ነጻ”፣ ብዬ እፈርማለሁ።

ጦይባ ይመር መጣች፣ ጥቅምት ላይ ወደ ማታ፣
በአንድ እጇ ነጠላ፣ በአንድ እጇ አክታ።
ባሏ ቀጥቃጭ ነበር፣ ዶማ የሚሞርድ፣
ኦፓል ለሚቆፍር፣ ገደል ለሚወርድ።
እሷ ወናፍ ነፊ፣ ከፍሙ አጠገብ፣
ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ ጭስ ስትመገብ።

ሁለት ወናፍ ነበራት፤ አንዱ ከፍየል ቆዳ፣
አንዱ ከደረቷ ውስጥ፣ የማይታይ ዕዳ።
የቆዳው ሲቀደድ፣ ትደርተዋለች ሰፍታ፣
የውስጡን በምን ትየው፣ በየት በኩል ገብታ?

መስታወቱን አየሁ፤ አዙሬ ደገምኩት፤
ዘንግ የለም። “ነጻ ነሽ።” በሰማያዊ ጻፍኩት።
“አላህ ይስጥህ” ብላ፣ ዱዓ አድርጋ ሄደች፣
በታኅሣሥ መጣች፤ በመጋቢት መጣች።
ሦስቴ “ነጻ” አልኳት፣ ሦስቴም አመነችኝ፤
በሦስተኛው ግን፣ ቀሚሷ ሰፍቷት ታየችኝ።

ሳንባን ገጽ በገጽ፣ የሚገልጥ መሣሪያ፣
ደሴ ነው ያለው፣ ከበሸሎ ወዲያ።
ለአውቶቡስ፣ ለአልጋ፣ ለወረፋ፣ ለፎቶ፣
የሁለት ፍየል ዋጋ፣ ካንድ ቀጥቃጭ ቤት ወጥቶ፤
ያውም መብራት ካለ፣ ያውም ካልተበላሸ፣
ያውም ፊልም አንባቢው፣ ሥራ ለቆ ካልሸሸ።

ሄደች፣ በሰኔ ወር። ወረቀት ይዛ መጣች።
“አንብብልኝ ልጄ፣ ‘ነጻ’ ይላል?” አለች።

የዶሮ ዕንቁላል ያህል፣ ግራ ሳንባዋ ላይ፣
እኔ “ነጻ” ያልኩት፣ ሦስቴ አይቼ ሳላይ።

አንድ መኪና አማረኝ፣ ማሽን የተሸከመ፣
ቀጥቃጮቹ መንደር፣ ከበር ላይ የቆመ፤
“ማን አሳለ?” ሳይሆን፣ “ማን ጭስ ጠጣ?” ብሎ፣
ሳል ሳይቀድመው ገብቶ፣ ሰው የሚጠራ ቶሎ።

አልመጣም።
እስኪመጣ እኔ፣ መዝገቤን ቀየርኩት፤
“ነጻ” የሚለውን ቃል፣ ብቻውን አልተውኩት፤
ከጎኑ እጽፋለሁ፣ ፊደሌን አጥብቤ፦
“ከቲቢ ብቻ ነው። ሌላውን አላየሁም።”

ተቆጣጣሪው መጣ፤ “ይኼ ትርፍ ነው” አለ፤
ልክ ነው፤ ቅጹ ላይ፣ ላላየሁት ቦታ የለ።

ወናፉን ለምራቷ፣ ጦይባ አውርሳታለች።
ዘምዘም። ሀያ ዓመቷ።
ገና አላሳለችም።