ዘር የሌለው እርሻ

ሬይኖን ቀብረነው በሰኔ መጨረሻ፣
ሄልሚ በጥቅምት መጣች፣ ይዛ ፋኖስና ማበሻ።
«ና እስቲ» አለችኝ፣ «አንድ ነገር ላሳይህ፤
መካኒክ ነበርክ አይደል፣ ማዕድኑ ሳይዘጋብህ?»

ከጎተራዋ ጥግ፣ ከድርቆሽ ክምር ኋላ፣
ትንሽ ትራክተር ቆሟል፣ ጎማው ተንፍሶ የላላ።
የስንዴ ማሳ አያርስም፣ የጓሮ ነው፣ የሣር፤
ቁመቱ የጥጃ ያህል፣ ጩኸቱ የበሬ ነበር።
በዚህ ነበር ሬይኖ መንገዳችንን የሚጠርግ፤
ከስድስት ዓመት በፊት ቆመ፤ «ደከመ» አልን፣ ምን ይደረግ።

አይጥ ካርቡሬተሩ ላይ ጎጆዋን ቀልሳለች፣
የድሮ ጋዜጣ ቆራርጣ ለልጆቿ አንጥፋለች።
ካንዴላው ከስሏል፣ ቺንጋው እንደ ቋንጣ ደርቆ፣
ቤንዚኑ ሰልባትዮው ውስጥ ሙጫ ሆኗል ተጣብቆ።
«ሞቷል» አልኳት። ግን ቃሉን ቀስ ብዬ ሳይ፣
ሞተርን ከሞተ አንዲት ፊደል ናት የምትለይ።
ያቺን ፊደል ፍለጋ፣ እጄን እስከ ክርኔ
ከግሪስ ውስጥ ነከርኩት፣ እንደገና በወኔ።

ማታ ማታ ጋራዤ ውስጥ፣ ራዲዮው እያንጎራጎረ፣
ብሎን በብሎን ፈታሁት፤ የዛገው አኮረፈ፣ አንዳንዱም ተሰበረ።
ፒስተኑን በነጭ ጋዝ አጠብኩ፣ ቀለበቱን ቀየርኩ፣
የማግኔቱን ክዳን ፍለጋ እስከ ዊስኮንሲን ተሻገርኩ።
እዚያ አንድ ሽማግሌ አለ፣ ቨርሊን የሚሉት ስስታም፣
ሠላሳ የትራክተር ሬሳ ደጁ ላይ የሚያጋድም።
ገንዘቤን ንቆ፣ በሁለት የታጨሰ ዓሣ ለወጠኝ፤
ከሁለቱም አንዱን እዚያው ምሳ ብሎ ጋበዘኝ።

ቢጫውን ቀለም ቀባሁ፣ ሁለት እጅ፣ በብሩሽ፤
ወንበሩን ልቀይር ስል ግን ሄልሚ አለችኝ «ሽሽ!
እሱን አትንካ።» የቆዳው ስፌት ተተርትሯል፣
መሃሉ የሰው ቅርጽ ይዞ ወደ ግራ ሰምጧል።
ሐዘን ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ የሬይኖ መቀመጫ፣
ይህ ነው የቀራት ከእሱ፣ የመጨረሻ መጨበጫ።
ጨርቅ አልብሼ ቀባሁት፣ ዙሪያውን፣ በጥንቃቄ፣
አንዲት ጠብታ እንዳትነካው፣ ትንፋሼን አምቄ።

በታኅሣሥ ሱፒሪየር ሐይቅ ተነሣ፤ ሁለት ቀን፣ ሁለት ሌት፣
የያዘውን በረዶ ሁሉ አወረደው ያለ ስስት።
የፖስታ ሣጥን ጠፋ፣ አጥር ጠፋ፣ ደጃፍ ጠፋ፤
የቀረው የጭስ ማውጫ ነው፣ ከነጭ ላይ የሚተፋ።
ጎማው ላይ ሰንሰለት አስሬ፣ ከፊቱ ምላጭ ገጥሜ፣
አሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ወጣሁ፣ ሁለት ካፖርት ተሸክሜ።

ምን ዓይነት እርሻ ነው ይሄ? ትልም እንጂ ዘር የለው፤
ዞር ብለህ ስታይ ከኋላህ፣ ሰማይ መልሶ ሞላው።
ምርቱ አንዲት መንገድ ናት፣ ከበር እስከ አውራ ጎዳና፣
ሐኪም ወይ ዳቦ ሻጭ ቢመጣ እንዲያልፍባት በደኅና።

ግማሽ መንገድ ላይ አነቀው። አሳለ። ተንፈራገጠ።
ጸጥ። ገመዱን ብስብ፣ ብስብ፣ ትከሻዬ ተቆረጠ።
በሩ ተከፈተ። ሄልሚ፣ በሌሊት ልብሷ ላይ የሬይኖ ካፖርት፤
«ተነስ» አለችኝ፣ ያለ ሰላምታ፣ ያለ አክብሮት።
የአየሩን ዘንግ ሳበች በሁለት ጣት፣ እስከ ግማሽ፣
ሰባት ቆጠረች በፊንላንድኛ፣ እጇ እንደ ወጌሻ ዳሳሽ።
ገመዱን አንዴ ብቻ።
ር — አለ።
ርር — አለ።
ርርርርር —
ያቺ የጎደለችው ፊደል ከጭስ ጋር ወጣች በአየር።

ከዚያ ተቀመጠች። አየሁ። የወንበሩ ስርጉድ
ተቀበላት እንደ ጎጆ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ አንድ፤
ወደ ግራ ዘንበል ብላ፣ አጭር ናትና ግራ እግሯ —
የሬይኖ ቅርጽ አልነበረም፤ የእሷ ነበር፣ አሻራዋ።

«ሬይኖስ?» አልኩ፣ የተከፈተ አፌን በረዶ እየገባበት።
«ሬይኖ? ብርድ ይፈራ ነበር፤ ገንፎ ያሞቅልኝ ነበር፣ ከቤት።
ጎህ ሳይቀድ፣ በእሱ ካፖርት፣ አርባ አንድ የበረዶ ወር
እኔ ነኝ የጠረግኩላችሁ። ምስጋናችሁ ወደ እሱ ነበር።
እሱም ‹ምንም አይደል› ይላል። ዝም አልኩት። ምን ላድርገው፣
ምስጋና ይወድ ነበር፤ እኔ የምወደው ጩኸቱን ነው።»

ማርሽ አስገባች። የራሷን ደጅ ጨርሳ ወደ እኔ በር ስትዞር፣
ቢጫው መብራት ብቻ ታየኝ፣ በነጩ ውስጥ ሲሠወር።

እኔ ገብቼ ገንፎውን አሞቅኩ።