የግንቦት ጭቃ

አቃቂ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከፋብሪካው ጓሮ፣
አንድ ቤት አለ፤ የጥድ ሰገነት፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ።
በሩ ላይ የቅርስ ቁጥር፣ በሰማያዊ ቀለም።
ቁጥሩ ቤት ይቆጥራል እንጂ ዝናብ አይከለክልም።

ግንቦት ሲጋመስ፣ ደመናው ገና ሳይከብድ፣
በዳሳ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውሃ፣ ቀይ አፈር፣ የጤፍ ጭድ።
(አፈሩን ከሩቅ አስጫነ፤ የሠፈሩ መረሬ ነው፣
እንደ ደረቀ ይሰነጠቃል።)
በእግሩ ረገጠው። «ይደር» አለ። በማግስቱም ረገጠው።
በሦስተኛው ቀን ሸተተ። «ገና ነው» ብሎ ተወው።

እኔ ከቢሮ የመጣሁ፣ ሜትርና ደብተር ይዤ፣
«መቼ ያልቃል?» እላለሁ፣ ጃንጥላ ተመርኩዤ።

ያን የምዕራቡን ግድግዳ እኔ ነኝ ያስለሰንኩት፣
ከስምንት ዓመት በፊት፣ በሲሚንቶ። እኔ ነኝ የፈረምኩት።
ጠንካራ ነው ብለን ነበር። ለስላሳ፣ ግራጫ፣ ኩሩ።
ፎቶ ተነሣን ከፊቱ፤ ጎረቤቶች ዋጋ ጠይቀው ዞሩ።

በዳሳ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ መታው፦ ዶቅ።
ትንሽ ራቅ ብሎ መታው፦ ዶቅ።
«ባዶ ነው» አላለኝም። ዝም አለ፣ ራሴ እንዳውቅ።

ሲፈለፍለው ወደቀ፣ እንደ ደረቀ የቁስል ቅርፊት፤
ከኋላው ማገሩ ጠቁሯል፣ ረጥቧል፣ ሆኗል የምስጥ ቤት።
ስምንት ክረምት ውሃ ጠጥቶ፣ መውጫ አጥቶ፣ ታፍኖ፣
የተቀመጠ ግድግዳ፣ በእኔ ፊርማ ተከድኖ።

«ውሃ እኮ» አለ በዳሳ፣ «እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፤
ሁልጊዜ ከላይ አይመጣም፣ ከሥርም ይወጣል፣ በግድ።
ጭቃ ያስገባዋል፣ ያስወጣዋል፤ ጎረቤት ነው ለእሱ።
ሲሚንቶ በር ይቆልፋል፤ ሌባው ውስጥ ነው ራሱ።»

ከዚያ መሰላል አቆመ። አሸንዳው ውስጥ እጁን ከቶ
የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የወፍ ጎጆ፣
አንድ የልጅ ጫማ አወጣ፤
ጫማውን መስኮት ላይ አኖረ፣
ባለቤቱ ድንገት ቢመጣ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ሃምሳ ዓመት የኖሩበት፣
«ሲያልቅ ሙዚየም ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁበት።
«ምሰሶውን መዘገባችሁ፣ መስኮቱን፣ የበሩን ማጠፊያ፤
እኔንስ የት ልትጽፉኝ ነው?»
ደብተሬን ገለጥኩ። የለውም ለዚህ መሙያ።

ቅጹ መጨረሻ ላይ «ሥራው የሚያልቅበት ቀን» ይላል።
«በየግንቦቱ» ብዬ ሞላሁት።
ቢሮው መለሰው፦ «ቀን ይጻፍ»።

በአራተኛው ቀን ጫማዬን አውልቄ
ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ።
ይቀዘቅዛል። ጭዱ ይወጋል። ሱሪዬን እስከ ጉልበት ሰበሰብኩ።
በዳሳ አልሳቀም፣ አላመሰገነም፤
እግሬን አይቶ
«በጣት አይደለም» አለ፣
«በተረከዝ»።