እርሳስ

በገበያ ቀን ነው ያየሁት፣ ደብረ ሲና ገበያ፣
ከቁራሌው ክምር ሥር፣ ከብረቱ መጣያ፤
የድስት ክዳን ተጭኖት፣ የላንድሮቨር ፍሬቻ፣
ዐይን ያለው ሣጥን ነው፣ አንድ ክብ ዐይን ብቻ።

«በኪሎ ነው» አለ ጌጡ፣ ሚዛኑን እየሰቀለ፣
«መዳብ አይጠፋም ከሆዱ፣ ያየው ሁሉ ይህን አለ።»
ዐሥራ ስምንት ኪሎ ተኩል ከነአቧራው መዘነ፤
ለአቧራውም ከፈልኩ። ከዚያ ወዲያ የኔ ሆነ።

ኦሲሎስኮፕ ነው ስሙ። ለትደነቂያለሽ ነገርኳት።
«ቴሌቪዥን ነው?»
«አይደለም።»
«ሬዲዮ?»
«አይደለም።»
«ታዲያ ምን ያሳያል?»
«ሞገድ... ቮልት... ያው፣ መብራት።»
«መብራቱን ለማየትማ አምፖል አለን» ብላ ሣቀች፤
ግን የስፌት መኪናዋን ገፋ አርጋ ቦታ ለቀቀች።

መደርደሪያው ላይ ድሮም ሦስት ቮልቲሜትር አለኝ፤
አንዱ የወፍጮ ቤት ውራጅ፣
አንዱን ትምህርት ቤት ጥሎት፣
አንዱን አጎቴ ሲሞት ከነሣጥኑ ተወልኝ።
አንድ ባትሪ ሲለኩ አንዱ «ዘጠኝ ነው» ይላል፣
አንዱ «ዘጠኝ ከሩብ»፣
ሦስተኛው እንደ ሽማግሌ መሐል ቤት ይውላል።
ማንን ልመን? ሚዛኑን ማን ይመዝንልኛል?
ይህን ሳሰላስል አንዳንዴ ይነጋብኛል።

ጉም ከጣርማ በር ሲወርድ ቁልፍ አይሻ፣ በር አይሰብር፤
በብሎን ቀዳዳ ይገባል፣ በሽቦ ልባስ ሥር ለሥር፣
አረንጓዴ ያለብሳል የመዳቡን እግር።
ሁለት ሳምንት ሙሉ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት፣
ሌላ ማጽጃ ባጣ በዳግም አረቄ አጠብኩት፤
ጌጡ ሰምቶ መጣ። «ለሣጥን የሚያጠጣ
ካንተ በቀር አላየሁ» ብሎ የተረፈውን ጠጣ።

የኋላውን ክዳን ሳነሣ፣ ከትራንስፎርመሩ ጎን፣
ደብዛው ሊጠፋ የደረሰ የእጅ ጽሑፍ፦
«ይህ ኮንደንሰር ተቀየረ። መጋቢት ፫ ቀን ፷፭። ሸዋታጠቅ።»
ይኸው ነው።
የቴሌ ሰው ይሆን? ወታደር? የአውሮፕላን መካኒክ?
የአባቱን ስም እንኳ አልጻፈም፤
ቦታ ግን ሞልቶት ነበር።
በአንዱ እርሳስ በየደው፣ በሌላው እርሳስ ጻፈው፤
አንዱ እንዳይላቀቅ፣ አንዱ እንዳይረሳ ነው።

ያበጠችውም እሷው ናት፣ ሸዋታጠቅ የቀየራት።
ሃምሳ ዓመት ያገለገለችን ምን ብዬ ልውቀሳት?
ከሞተ ሬዲዮ ሆድ እኩያዋን ፈልጌ አወጣሁ፣
እጄ እየተንቀጠቀጠ በእሱ ብየዳ ላይ በየድሁ።

ማታ ሶኬት ሰካሁ።
ትደነቂያለሽ ቆጣሪው ጋ ቆማለች፣ «ቢጤስ አጠፋዋለሁ!»
አልጤሰም።
የሞቀ አቧራ ሸተተን፤
የከፈልኩበት አቧራ።
ከዚያ ከዐይኑ መሐል እንደ ጤፍ ቅንጣት ያለች፣
አረንጓዴ ነጥብ በራች፣ ሳትቸኩል መስመር ሆነች።

የምለካው ነገር አልነበረኝም።
የሽቦውን ጫፍ በጣቴ ነካሁት።
መስመሩ ብድግ አለ፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ፣
የጣርማ በርን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ይመስል፣ ሳይቆጣ።
«ያ ምንድነው?»
«እኔ ነኝ። የቤቱ መብራት በኔ ሲያልፍ ነው፣
ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ሰውነቴን ሲጠራው።»
«እኔስ?» ብላ ጣቷን ሰደደች።
የሷ ሞገድ ከኔ በለጠ።
ይህን እስከ ዛሬ ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች።

ከዚያ መብራት ሄደ፣ እንደ ልማዱ።
ቤቱ ድርግም ሲል ነጥቧ ብቻ ትንሽ ዘገየች፤
ጠበበች፣ ጠበበች፣
ወደ ውስጥ ገባች።

በስልኬ ባትሪ እርሳስ ፈልጌ
ከሸዋታጠቅ እጅ ጽሑፍ ሥር ጻፍኩ፦
«ደግሞ ተቀየረች። ሐምሌ ፲፩ ቀን።»
ከዚያ ስሜን ብቻ። የአባቴን ተውኩት።

ክዳኑን ገጥሜ ሳጠብቅ አንድ ብሎን ተረፈኝ።
ከየት እንደወጣ፣ እውነት ለመናገር፣
እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።