የማዳም ሚዛን

ኩዌት፣ ጀብሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ መታጠቢያ ቤቱን ሳጸዳ
ከመስታወቱ ሥር ያለው የማዳም ሚዛን፣ እስከ ዛሬ ለኔ ባዳ፣
ጠራኝ። በሩን ቆለፍኩ፤ ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩ፤
ልብስም ይከብዳል ብዬ ሽርጤን ፈታሁ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ።
ዘጠና ሁለት አለኝ። ቁጥሩ ቀይ ነው፣ አያፍርም።
ወረድኩ፣ ወጣሁ ደግሜ፤ ሚዛን ግን ዘመድ አያውቅም።

ሩዝ በጆንያ ነው የማውቀው፤ ሃያ ኪሎ ነው አንዱ፣
ከመኪናው እስከ ማድ ቤት በኔ ትከሻ ነው መንገዱ።
አራት ጆንያ ተኩል ሆኜ፣ ደረጃ ስወጣ ስወርድ
ማን ይሆን የጫነብኝ? ማንስ ያግዘኝ ሳወርድ?

ሐኪሙ ጉልበቴን ነካ፤ "ቀንሺ" አለ፣ አንድ ቃል ብቻ።
እንዴት እንደምቀንስ ግን የለም፣ በወረቀቱ ዳርቻ።

ማዳም ሆዷን አስቆርጣለች፣ ቱርክ ሄዳ፣ አምና በጋ፤
ዛሬ ከሦስት ማንኪያ ሾርባ ጋር ትፋጠጣለች እስኪነጋ።
እኔ ላይ ያረፈ ቢላ የት እንደሚያቆም መች ያውቃል?
የእህቴ የእታለም ልጆች ክፍያ፣ የጣሪያው ዕዳ ይቆረጣል።
ልጇ ዳና ኬቶ ይዛ፣ ዳቦ ስታይ ፊቷን ታዞራለች፤
ሥጋ በቅቤ፣ ዕንቁላል በቅቤ፣ እኔን አብስዪ ትለኛለች።
ሮዌና የፖም ኮምጣጤ ትጠጣለች፣ አፍንጫዋን ይዛ፤
ቀመስኩላት፤ ጉሮሮዬ አልተፋታኝም በዋዛ።
ሾፌሩ ሻጂ "ተራመጂ" ይላል፣ ከመሪው ሳይነሳ፤
ውጭ ሙቀቱ አርባ ስምንት፣ አስፋልት ላይ ይጠበሳል ዓሣ።
ብርዛፍ "ጾም ነው መድኃኒቱ" አለች፣ አርብ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ፤
እኔን ጾም ነው ያወፈረኝ፤ ማታ ማታ ሩዝ አስመኘኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ረሃብን የምመርጥ ከመደርደሪያ፤
ድሮስ እሱ ነበር መርጦኝ የሚገባ፣ ያለ ማንኳኪያ።
ቆሎ ተቆጥሮ ሲታደል፣ አሥራ አንድ ፍሬ ለአንድ ሰው፣
አመጋገብ ምርጫ ነው ብሎ ያኔ ማን ሊያወራው?

እታለም በኢሞ ስትደውል ጉንጬን አይታ እልል ትላለች፤
"እሰይ! ደላሽ!" ብላ ስልኩን ለጎረቤት ታዞራለች።
ብከሳ ምን ልትል ነው? "ታመምሽ? ደሞዝ ከለከሉሽ?
ማን አስራበሽ? ንገሪኝ፣ በልጆቼ፣ ምን አገኘሽ?"
ጉንጬ እዚያ ደብዳቤ ነው፣ የደህንነቴ ማኅተም።
እዚህ ጉልበቴ ይጮኻል፤ እዚያ ግን ጩኸቱ አይሰማም።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ እንግዳ ተሸኝቶ፣ ማድ ቤቱ ሲቀዘቅዝ፣
መችቦሱ በትሪ ቀርቶ፣ ቅባቱ ጠርዙ ላይ ሲይዝ፣
አንድ ጉርሻ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ፣ ልጁ የተወውን ክንፍ፣
"እህል አይጣልም፣ ግፍ ነው" እያልኩ፣ እጄ ብቻውን ሲያሳልፍ፣
ደነገጥኩ። ቆሜ ነበርና፣ መቆሜን ያኔ አየሁ፤
ዘጠኝ ዓመት በዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ቀን ተቀምጬ አልበላሁ።
ወገቤ ላይ የከረመው የኔ ጥጋብ አይደለም፤
ከሌላ ሰው ሳህን የተረፈ ነው፤ የራሴን ራት አላውቅም።

አርብ ሳልሚያ ወረድኩ፤ ኮምጣጤም ኪኒንም አልገዛሁ፤
ሁሉም በመቶ ፊልስ ከሚሸጥበት አንድ ሳህን አነሳሁ፣
ትንሽ፣ ጠርዙ ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ አንድ አበባ፤
ፕላስቲክ ወንበርም አንድ፣ በአውቶቡስ በር በግድ የገባ።
ትራፊውን በክዳን ዕቃ ለዘበኛው ለሚርዛ ሰጠሁ፤
ግፉ ከኔ ወረደና፣ እኔም ተቀመጥሁ።

አንድ ጭልፋ ሩዝ። ሰላጣ። ቁራጭ ዶሮ። ውሃ።
ማኘክ ለካ ድምፅ አለው፣ እንደ ሰው ኮቴ በበረሃ።
ማዳም በሩ ላይ ብቅ አለች። ጉልበቴ ሊነሳ ቃጣው፤
ልማድ ነው። "ቆይ" አልኩት፣ ጉርሻዬን እስክውጠው።

ሦስት ሳምንት ነው ዛሬ። መታጠቢያ ቤት፣ በሩ ተቆልፎ፣
ዘጠና አንድ ይላል ቁጥሩ፤ ደግሞ ሁለት፤ አይቆምም አርፎ።
ለእታለም ገና አልነገርኩም።
ሚዛኑ ላይ የቀረውን የጣቶቼን አሻራ ወለወልኩት፤
ምሳ ደርሷል። ወንበሬ ከማቀዝቀዣው ጎን ነው፤ ሳብኩት።